ለቡ ባቡር ጣቢያ ጋ ያለችው የኮንቴይነር ታኮ ቤት (አባቴን ይዤ ሄጄ)

መጀመሪያ መንገዱን ልንገራችሁ፣ እኔ ሁለቴ ስለጠፋሁ። ከለቡ መብራት ኃይል ወደ ፉሪ የሚሄድ ባጃጅ ትይዛላችሁ፣ ያ ትልቁ የባቡር ጣቢያ ህንጻ በሩቁ ሲታያችሁ "ኮንቴይነሯ ጋ አውርደኝ" ትሉታላችሁ፣ አለቀ። ማፕ ላይ አትፈልጉ፣ የለችም። ታፔላም የላትም። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ነው፣ የጡብ ቀለም የተቀባ፣ ጎኑ ተቆርጦ መስኮት የወጣለት፣ ፊት ለፊቱ ሸራ ተወጥሮ ስድስት ጠረጴዛ። በክረምት ከሄዳችሁ ቦቲ አድርጉ፣ ቀልድ አይደለም፣ ኮብልስቶኑ እሷ ጋ ሳይደርስ ነው የሚያልቀው ከዛ በኋላ ያለውን ጭቃ የሰፈሩ ሰው ይንገራችሁ።

የሚሸጡት የሜክሲኮ ምግብ ነው። አባቴን "ዛሬ ሜክሲኮ ምግብ ልጋብዝህ" ስለው "በዚህ ትራፊክ ሜክሲኮ ድረስ?" አለኝ፣ አደባባዩ መስሎት። ሀገሩን ነው አባባ ስለው ደግሞ "እነሱማ ወዳጆቻችን ናቸው፣ ጣልያን ሲወረን አንቀበልም ያሉ" ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። እውነቱን ነው፣ አደባባዩም ስሙን ያገኘው በዛ ነው፣ እነሱም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አላቸው፣ ከመሬት በታች የሚሄደው ሜትሮ። አባቴ ውጪ የማይበላ ሰው ነው፣ 31 ዓመት ምድር ባቡር ሃዲድ ጥገና ላይ ነው የሰራው፣ ድሬዳዋ ጀምሮ አብዛኛውን አዋሽ፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ እኛ ጋ ጀሞ ነው ያለው። እሱን ይዤ የሄድኩት በምክንያት ነው፣ ምክንያቱ ይመጣል፣ መጀመሪያ ምግቡ።

ታኮው የምር ታኮ ነው። ማለቴ ከተማ ውስጥ ታኮ ብለው የሚሰጡንን ያንን ደረቅ እንደ ቺፕስ ኩርሽም የሚለውን ነገር እርሱት፣ ይሄ ለስላሳ የበቆሎ ቂጣ ነው፣ ቶርቲያ ይሉታል፣ መዳፍ የሚያክል፣ ከምጣድ ላይ ትኩሱን። ባለቤቷ ነጭ በቆሎ በኖራ ውሃ ቀቅላ ታሳድረዋለች፣ ኖራው ልጣጩን ያላቅቀዋል፣ ጠዋት ታጥቦ ይፈጫል። ኖራ ስትል አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ "ግድግዳ የሚቀባው ኖራ?"። የሚበላ አለው አባባ ተባለ። ሊጡን ማሳ ነው የሚሉት፣ እኛ ማሳ የምንለው ገና እርሻ ላይ እያለ፣ እነሱ ከተፈጨ በኋላ፣ ያው በቆሎው አንድ ነው።

ማዘዝ ያለባችሁ ቢሪያ ነው። (አስተናጋጁ ልጅ ቢራ እየመሰለው ሁለቴ ቢራ አመጣልን፣ አንዱን ጠጣሁት።) ቢሪያ ማለት የፍየል ስጋ ነው በደረቅ በርበሬና በቅመም ረጅም ሰዓት በዝግታ ተቀቅሎ እስኪላላጥ፣ ሃሊስኮ ከሚባለው ግዛታቸው የመጣ ምግብ ነው፣ ከመረቁ ጋር ነው የሚሰጧችሁ፣ ታኮውን መረቁ ውስጥ እያጠቀሳችሁ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ነስንሳችሁ ሎሚ ጨምቃችሁ። 3 ታኮ ከመረቅ ጋር 480 ብር። በርበሬው የኛው ስለሆነ መሰለኝ ጣዕሙ ቀይ ወጥ አካባቢ ይደርስና መልሶ ሌላ ይሆናል። አባቴ መረቁን በጎድጓዳው አንስቶ ጨለጠው፣ ሌላም አዘዘ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበል።

የጾም ታኮ አላቸው 260 ብር፣ የተፈጨ ቦሎቄና አቮካዶ፣ ጥሩ ነው ግን ቦሎቄው ጨው ያንሰዋል። ቡሪቶውን አትዘዙ። ሩዝ ነው በቂጣ የተጠቀለለ፣ አልቋል። ናቾ ላይ ደግሞ ካቻፕ አፍስሰው አመጡልን፣ ካቻፕ! ያን ሁሉ በቆሎ በኖራ ስታሳድር የኖረች ሴትዮ ካቻፕ እንዴት አስቻላት። የሚጠጣ ከርከዴ በበረዶ አለ፣ እነሱ ጃማይካ ነው የሚሉት፣ የሩዝና የቀረፋ ኦርቻታ የሚባልም አለ በጣም ጣፋጭ ነው ለኔ በዛብኝ። አገልግሎቱ ቀርፋፋ ነው፣ 50 ደቂቃ ጠበቅን፣ መብራት ጠፋና ጀነሬተሩ ሲነሳ ደግሞ መነጋገር አይቻልም፣ ሽንት ቤቱ ጀርባ ነው ንጹህ ነው ግን በሩ አይዘጋም ሰው ማቆም አለባችሁ።

ያ 50 ደቂቃ ግን አልታወቀንም፣ ምክንያቱ ግድግዳው።

ኮንቴይነሩ ውስጥ ስትገቡ ረጅሙ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፎቶ ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከየስሩ በማርከር በአማርኛ ተጽፏል። ባለቤቷ 14 ዓመት አሜሪካ፣ ካንሳስ ቶፒካ ኖራለች፣ እዛ ሜክሲኮዎች ቤት ወጥ ቤት ነበር የምትሰራው፣ ቶርቲያ ያስተማረቻት አሮጊት አባቷ የባቡር ሃዲድ ሰራተኛ የነበረ፣ እሷ ራሷ ፉርጎ ውስጥ የተወለደች። ፉርጎ ስላችሁ የዕቃ ባቡር ፉርጎ። ለዛ ነው ቤቱ ኮንቴይነር የሆነው፣ ለዛ ነው የጡብ ቀለም የተቀባው። እኔ ለፋሽን መስሎኝ ነበር፣ ካፌ ሁሉ ኮንቴይነር በሆነበት ጊዜ።

ታሪኩ እንዲህ ነው (ቁጥሮቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ግድግዳውም ላይ እንደዛው ነው)። አሜሪካ ምዕራቡን በባቡር ስታያይዝ ብዙ ቻይናዎች ሰርተውላታል፣ ከዛ በ1882 ቻይና እንዳይገባ ህግ አወጣች፣ በ1907 ደግሞ ከጃፓን ጋር ተስማምታ የጃፓን ሰራተኛም ቆመ። ሃዲድ ግን ተዘርግቶ አያልቅም፣ አባቴ ሁሌ የሚላት ነገር አለች "ሃዲድ እንደ ጣራ ነው፣ ካልጠገንከው ያፈሳል"። ሰው ከየት ይምጣ? በ1884 ከሜክሲኮ ሲቲ ተነስቶ ድንበሩ ላይ ኤል ፓሶ ድረስ የሚደርስ የባቡር መስመር አልቆ ነበር፣ መስመሩ ደግሞ የሚያልፈው ጓናኋቶና ሃሊስኮን በመሳሰሉ የገበሬ ሀገሮች አጠገብ ነው፣ መሬቱ በባለርስቶች የተያዘ። በቃ ባቡሩ ራሱ ሰራተኛውን ጭኖ መጣ። በ1910 አብዮት ሲፈነዳማ ከጦርነቱ የሚሸሸውም ተጨመረ። ኤል ፓሶ ላይ ደላላ ይጠብቃቸዋል፣ ኤንጋንቻዶር ነው የሚሉት፣ መንጠቆ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፣ የሚነጥቅ የሚያጠምድ እንደማለት። አባቴ "ደላላ የትም አንድ ነው" አለ።

ሳንታ ፌ እና ሳውዘርን ፓስፊክ ከሚባሉት ትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ይፈርማሉ፣ ከዛ በረሃ። 1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቀን 1 ዶላር ወይ 1 ከ25 ነበር የሚከፈላቸው፣ ያኔ ግሪኩና ጃፓኑ ለዛው ስራ የተሻለ ያገኝ ነበር። በደቡብ ምዕራቡ በኩል ከጊዜ በኋላ ሃዲድ ላይ የነበረው አብዛኛው ሰው ሜክሲኳዊ ሆነ። ራሳቸውን ትራኬሮ ይሉ ነበር፣ ትራክ የሚለውን እንግሊዝኛ ወስደው በስፓኒሽ ጅራት ቀጥለውበት። ይሄን ሳነብለት አባቴ "እንደ ለገሃር ነዋ" አለኝ፣ እውነት እኮ ነው፣ ፈረንሳይ "ላ ጋር" (ጣቢያው) ያለውን እኛ ለገሃር አልነው፣ ሃዲድ ራሱም አረብኛ ነው ብረት ማለት፣ ባቡር ባለበት ሁሉ ቋንቋ ይደባለቃል ማለት ነው።

አንድ ፎቶ አለ፣ 10 ምናምን ሰው ሃዲድ ላይ በሰልፍ ቆሞ፣ አካፋና ረጃጅም ብረት ይዘው፣ ኮፍያቸው ሰፋፊ። አባቴ መነጽሩን አወጣ። "ይሄ ዲጂኖ ነው፣ ሃዲዱን ፈንቅለው ሊያስተካክሉ ነው፣ ይሄኛው ጠጠሩን ከስር ይጠቀጥቃል፣ ያኛው አለቃ ነው።" በምን አወቅህ ስለው "እጁን ኪሱ ከትቷላ" አለኝ። ከዛ ወደ ፎቶው ጠጋ ብሎ ከሃዲዱ ስር በአግድም የሚነጠፈውን አየና "የነሱ እንጨት ነው፣ የኛ ብረት ነበር፣ እንጨት ቢሆን ምስጥ በልቶት ባቡሩ አፋር ላይ ይተኛ ነበር" አለ። ባለቤቷ ስራዋን ትታ መጥታ አጠገቡ ቆመች፣ "አባባ እርስዎ ባቡር ነበሩ እንዴ" አለች፣ ከዛ በኋላ የኔ ምሳ አበቃ በሉት፣ ሁለቱ ብቻ ሲያወሩ።

ፉርጎውን ላውራችሁ ምክንያቱም ዋናው እሱ ነው። ኩባንያዎቹ መጀመሪያ የፈለጉት ብቻውን የሚመጣ ወንድ ነበር፣ 6 ወር ሰርቶ የሚመለስ፣ ወንዱ ግን እያመለጠ የተሻለ ወደሚከፍለው ይሄዳል፣ ቺካጎ ድረስ። ቤተሰብ ካለው ይቀመጣል ብለው ያረጀ የዕቃ ፉርጎ ከሃዲዱ ዳር አቁመው እዛ ውስጥ ኑሩ አሉ። ሴቶቹ ያንን የብረትና የሳንቃ ሳጥን ቤት አደረጉት። ምድጃ፣ መጋረጃ፣ ጎን ላይ መስኮት ተቆርጦ፣ ውጪ ዶሮና ፍየል፣ በረንዳው ላይ በቆርቆሮ ጣሳ አበባ። አንዱ ፎቶ ላይ ጣሳዎቹ ይታያሉ፣ ባለቤቷም ከመስኮቷ ስር የወተት ዱቄት ጣሳ ደርድራ አበባ ተክላለች፣ መጀመሪያ ስገባ እንኳን ልብ አላልኩትም። ሴቶቹ ላላገቡት ሰራተኞች ምግብ እየሰሩ ልብስ እያጠቡ ገንዘብ ያስገቡ ነበር። አንዳንዴ ስራው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ፉርጎው ከነቤተሰቡ ተቀጥሎ ይሄዳል፣ ጠዋት ስትነሳ ሌላ ሀገር። አባቴ እዚህ ላይ ዝም አለ። እኛ አዋሽ የኖርነው በሃዲድ ዳር ቤት ነው፣ እናቴ ባቡር ባለፈ ቁጥር የአቧራውን ልብስ ደግማ ታጥብ ነበር፣ እሷ ብትኖር ይሄን ፎቶ ከሱ በላይ ታነበው ነበር።

ሜኑው ላይ ሳህኖቹ የከተማ ስም ነው ያላቸው፣ የፍየሉ "አርጀንታይን" ይባላል። የመሲ ሀገር መስሎኝ ነበር፣ አይደለም፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው፣ የብር ማዕድን ማቅለጫ ስለነበረበት ነው ስሙ፣ ብር በላቲን አርጀንቱም ስለሆነ፣ ሳንታ ፌ እዛ ትልቅ የባቡር ግቢ ነበረው። የሜክሲኮ ልጆች ከነጮቹ ጋር እንዳይማሩ ለብቻቸው ትምህርት ቤት ተሰርቶላቸው ነበር፣ ስሙ ክላራ ባርተን፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀልን ባቋቋመችው ሴት ስም፣ እንግዲህ። በ1951 ሐምሌ ወንዙ ሞልቶ ያንን አካባቢ ጠራርጎ ወሰደው። ቶፒካ ራሱ የጾሙ ታኮ ነው፣ እዛ ጓዳሉፔ ማርያም ብለው ቤተክርስቲያን ተከሉ፣ ከ1933 ጀምሮም ፊየስታ የሚባል ድግስ ያዘጋጃሉ፣ ለቤተክርስቲያኑ ገንዘብ መሰብሰቢያ። እኛ ለቤተክርስቲያን ማሰሪያ ዣንጥላ ዘርግተን እንደምንለምነው፣ እነሱ ታኮ ሸጠው።

"ሲልቪስ" ቡሪቶው ነው፣ እኔን የሚያናድደኝም ይሄው ነው ምርጡን ታሪክ ለመጥፎው ምግብ ሰጠችው። ሲልቪስ ኢሊኖይ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ሮክ አይላንድ የሚባለው ባቡር ሰራተኞች ግቢው ውስጥ በፉርጎ ይኖሩ ነበር፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ውጡ ተባሉ፣ ፉርጎዎቹን ሳይቀር ይዘው ወጥተው አንዲት መንገድ ላይ ሰፈሩ፣ ሁለተኛ ጎዳና። አስፋልት የሌላት አጭር መንገድ፣ እንደዚህችው እንደ ኮንቴይነሯ መንገድ። ከዛች መንገድ የወጡ ልጆች ለሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ለኮሪያ ዘመቱ፣ 8ቱ አልተመለሱም፣ 6 በዓለም ጦርነቱ፣ 2 ኮሪያ። አሁን መንገዷ የጀግና ጎዳና ነው የምትባለው። ኮሪያ ሲባል አባቴ "የኛም ልጆች እኮ በለገሃር ባቡር ነው ጅቡቲ ወርደው ወደ ኮሪያ የሄዱት" አለ፣ ቃኘውን ማለቱ ነው።

እጅ መታጠቢያው ጋ ያለው ደግሞ የሎስ አንጀለሱ ነው፣ 1903። የከተማ ባቡር ሃዲድ የሚያነጥፉ ሜክሲኮዎች ማህበር አቋቁመው በሰዓት ከ17 ሳንቲም ተኩል ወደ 20 ይደረግልን አሉ። መጀመሪያ እሺ ተባሉ፣ ከዛ የኩባንያው ጌታ ሀንቲንግተን አይሆንም ብሎ ሻረው፣ 700 ሰው መሳሪያውን ጥሎ ወጣ። በምትካቸው ሌላ ሰው ሲቀጠር ከ30 የሚበልጡ ሴቶች መጥተው ከሚሰሩት እጅ አካፋና ዶማውን መንጠቅ ጀመሩ። አድማው አልተሳካም። አባቴ ግን ሴቶቹን ወደዳቸው፣ እጁን ታጥቦ ጨርሶም እዛው ቆሞ ሰው ያሰልፍ ነበር።

የ1930ዎቹ ፎቶ ጠቆር ያለ ነው፣ በኮርኒሱ አምፖል አይታይም፣ ስልካችሁን አብሩ። ኢኮኖሚው ሲወድቅ ስራችንን ወሰዱ ተባለና በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወደ ሜክሲኮ ተመለሱ፣ በፍቃድም በግድም፣ ብዙዎቹ እዛው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች። ሎስ አንጀለስ ወጪውን ራሷ እየከፈለች በባቡር ላከቻቸው። እነሱ ባነጠፉት ሃዲድ እኮ ነው። አስር ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ጦርነት መጣና ሰው ጠፋ፣ በ1943 ከሜክሲኮ መንግስት ጋር ተፈራርመው እንደገና ኑ አሏቸው፣ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ከ100,000 በላይ ለባቡር ብቻ። ከደሞዛቸው 10 ፐርሰንት እየተቆረጠ ሜክሲኮ ይቀመጥላችኋል ተባሉ፣ ሲመለሱ ብዙዎቹ አላገኙትም። ከ60 ዓመት በኋላ ነው የሜክሲኮ መንግስት 38,000 ፔሶ ልስጥ ያለው፣ ያኔ ማን ቀርቷል። አባቴ "ደረሰኝ ይዘው ነበር?" ብሎ ጠየቀ። የሱ ጥያቄ ሁሌ እሷ ናት፣ ቤት ውስጥ የ1972 የደሞዝ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀመጠ ሰው ነው።

አሁን ቅሬታዬ። ጽሁፉ በማርከር ስለሆነ እንፋሎቱ እየበላው ነው፣ አንዳንዱ አይነበብም፣ አሳትሚው አልኳት፣ ዋጋውን ነገረችኝ ዝም አልኩ። ሁለተኛው፣ ያ ሁሉ የካንሳስ ፎቶ ተሰቅሎ ስለኛ ባቡር ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፣ እሱም ከፍሪጁ ጀርባ። ጣቢያው እኮ አጠገቧ ነው፣ በ2016 የተመረቀው፣ ከሰበታ ጀምሮ እስከ ጅቡቲ 750 ምናምን ኪሎሜትር፣ ከሱ በፊት ደግሞ የድሮው አለ፣ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ገብቶ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917፣ ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት ያለባቡር አትኖርም ነበር፣ ከመኤሶ እስከ ሞጆ በየጣቢያው እንጀራ የሸጡ፣ ውሃ የቀዱ፣ ሃዲድ የጠገኑ ሰዎች አሉ። ይሄን ስላት ትክክል ነህ አለች፣ "ፎቶ የሚሰጠኝ አጥቼ ነው፣ ቶፒካ ያሉት አሮጊት ሙሉ አልበም ሰጡኝ፣ እዚህ ስጠይቅ ለምንሽ ነው ይሉኛል።" ወደ አባቴ አየች። አባቴ መረቁን አየ።

ክፍያ ቴሌብርም ካሽም ይሆናል፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ ይሰጣሉ (አባቴ ጠይቋል)። መኪና ማቆሚያ የለም፣ ሰኞ ዝግ ናቸው፣ ቅዳሜ ከሄዳችሁ ከ7 ሰዓት በፊት ድረሱ ፍየሉ ያልቃል። ሁለት ሰው ጠግበን በልተን ከነመጠጡ 1,650 ብር ወጣብን፣ ርካሽ አይደለም፣ እኔ ግን ከዛ በኋላ ሁለቴ ሄጃለሁ። አስተናጋጁ አሁንም ቢሪያ ስለው ቢራ ነው የሚያመጣው።

ከፍሪጁ ጀርባ ያለችው ፎቶ ስር "አዋሽ ጣቢያ" ተብሎ ተጽፏል። አባቴ ፍሪጁን ገፋ አስደርጎ አይቶ ሞጆ ነው ብሏል፣ አዋሽ ቢሆን ቡፌው (የጣቢያው ሆቴል) ይታይ ነበር፣ ዛፉም የአዋሽ ዛፍ አይደለም ብሎ። አስተካክላለሁ ብላው ነበር። ባለፈው ስሄድ አሁንም አዋሽ ነው የሚለው፣ ቤት ስገባ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነውና የምትሄዱ ካላችሁ አይታችሁ ንገሩኝ።